ገዢው እስኪከራከር

ባሌ ስንታየሁ የአክሲዮን ነገር ከለከፈው ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በርበሬ በረንዳ ሱቃችን ቁጭ ብሎ፣ ደንበኛ ትቶ፣ ስልኩ ላይ መስመር ሲያይ ይውላል። የገዛበት ብር የማረቆ በርበሬ መግዣችን ነው። አዲሱን ምርት ካላስገባን ዓመቱን ሙሉ የምንሸጠው የለንም። ተው ብዬ ብመክረው፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ሰኞ ጠዋት ስልኩን አፍንጫዬ ስር ደቀነው።

«አየሽ፣ ቀይዋ የሰሞኑ አማካይ ዋጋ ናት፤ ሰማያዊዋ የረጅም ጊዜው። ቀይዋ ሰማያዊዋን ቆርጣ ወደ ታች ስትወርድ ዋጋው ሊወድቅ ነው ማለት ነው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሽጠዋ» አልኩት።

አክሲዮን የምታሻሽጥለት ፀደይ የምትባል ልጅ አለች። ደውሎላት እንድሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገልኝ።

«በስንት ልሽጥልዎ ጋሼ?» አለችው።

ገበያው ከሚሰጠው በላይ ጠራላት።

«በዚህ የሚገዛ የለም እኮ ጋሼ።»

«ይከራከረኛ። ያኔ እቀንሳለሁ።»

«እዚህ የሚከራከር የለም። በጠሩት ዋጋ ገዢ ካልመጣ ትዕዛዙ ዝም ብሎ ይቀመጣል።»

«ይቀመጥ» ብሎ ዘጋው። «ልጅ ናት፣ ንግድ አታውቅም።»

«አንተ ሰውዬ፣ የነገረችህን ስማ» አልኩት። ማን ሰምቶኝ። ዕድሜውን ሙሉ በርበሬ ሲሸጥ በመጀመሪያ ዋጋ ለቆ አያውቅም። እኔም አላውቅም፤ ግን እኛ የምንከራከረው ፊቱን ከምናየው ሰው ጋር ነው።

ማግስቱን ዋጋው ወረደ። «ቀንስ» ብዬ ለመንኩት። «አሁን ብቀንስ መቸገሬን ያውቁብኛል» አለኝ። ማን ነው የሚያውቅበት? ደንበኛ «ዛላው ስንት ነው?» ሲለኝ ዋጋ እየተሳሳትኩ ሰነበትኩ። በመጨረሻ ሲቀንስ ገበያው ከሱ ቀድሞ ወርዶ ነበር። እንደገና ቀነሰ፤ ገዢ የሚባል ጠፋ።

አርብ ረፋዱ ላይ በርበሬ የሚያመጣልን ፈርሀት ደወለ።

«እትዬ ያለምወርቅ፣ መኪናው መሳለሚያ ደርሷል። የእናንተን ላራግፍ?»

ስንታየሁን አየሁት። የበርበሬው ብር አሁንም አክሲዮኑ ላይ ነበር።

«ለሌላ ስጠው ፈርሀት» አልኩት። ሁለቴ አስደገመኝ።

ስልኩን ሳስቀምጥ ስንታየሁ አሁንም መስመሯን እያየ ነበር።

«ይወርዳል ብዬሽ ነበር እኮ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ልክ ነበርኩ።»

«ልክ ነበርክ» አልኩት። «አሁን ምን እንሸጣለን?»