አሥራ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ

ያንን ኮምፒውተር ከእኔ በቀር የሚያስነሳው የለም። ሌላ ሰው ቁልፉን ሲጫነው አንዴ ጮኾ ዝም ይላል። እኔ አመሉን አውቃለሁ፤ ቁልፉን ተጭኜ፣ ጎኑን በመዳፌ ሁለቴ መታ መታ አድርጌ፣ ማራገቢያው እስኪያጓራ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ከዚያ ጥቁሩ ስክሪን ቀኑን ይጠይቀኛል። የውስጥ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ማታ ሲጠፋ ቀኑን ይረሳል፣ ጠዋት እኔ እነግረዋለሁ። የምነግረው ግን ውሸት ነው። ቀኑንና ወሩን እንዳለ እሰጠውና ዓመቱን አሥራ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ እመልስበታለሁ።

እውነቱን ከነገርኩት አይሠራማ! የተማሪዎች መዝገብ ፕሮግራሙ የሚያውቀው አሥራ ሦስት ዓመት ብቻ ነው። የጻፈው ሰው አሥራ ሦስት ዓመት ሞላበትና ከዚያ ወዲያ ማን አለ ብሎ ተነሣ። እነዚያ ዓመታት ካለቁ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። የዘንድሮውን ስሰጠው «ዓመቱ አይታወቅም» ብሎ ይዘጋብኛል፤ የድሮ ዓመት ስሰጠው እንደ በግ እሺ ይላል። እናም ከእኔ ቢሮ የሚወጣ የትምህርት ማስረጃ ሁሉ አሥራ ሁለት ዓመት ያረጀ ቀን ይዞ ይታተማል። እኔ ደግሞ ዓመቱን በብዕር እሰርዝና ትክክለኛውን ከላዩ ጽፌ እፈርማለሁ። ማሽኑ ይዋሻል፣ እኔ አርማለሁ፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። አልፎ አልፎ አንዱ «አልተቀበሉኝም» ብሎ ይመለሳል። ብዕሩ የእኔ መሆኑን እነግረውና እሸኘዋለሁ።

ፕሮግራሙን የጻፈው የቀድሞ ባሌ ነው።

እዚሁ የሙያ ትምህርት ቤት ግቢ ነው የሚሠራው። እኔ ሁለተኛ ፎቅ መዝገብ ቤት፣ እሱ ምድር ቤት የጥገና ወርክሾፕ ውስጥ ያስተምራል። ከተፋታን ሰሞን ወዲህ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ እኔ ግድግዳውን አያለሁ፣ እሱ ጫማውን ያያል። የተፋታነው ዓመታቱ ባለቁበት ዓመት ነበር። ርዕሰ መምህሩ «ባልሽና ፕሮግራሙ ተመካክረው ነው የከዱሽ» እያለ ይቀልዳል፤ ቀልዱን ሲጨርስ ሳቁን የሚያግዘው አያገኝም።

ፍርድ ቤቱ ፍቺውን በወሰነ በሳምንቱ የቀድሞ ባሌ ወደ ቢሮዬ መጥቶ ቡናማ ፖስታ የኮምፒውተሩ ፊደል ገበታ ላይ አስቀመጠ። የታሸገ ነበር። «ክፈቺው» አለኝና ወጣ። ምን እንዳለበት ሳልከፍተው አውቄ ነበር። በአፉ ይቅርታ ብሎ የማያውቅ ሰው በወረቀት ሊለምነኝ ነው! ሲነካ ጠንከር ስለሚል ከደብዳቤው ጋር የሠርጋችንን ፎቶ ጨምሮበታል ብዬ ገመትኩ። አልከፈትኩትም። ልቅደደው ብዬም ተውኩት፤ ሰው የሚቀደው ያንገበገበውን ነው። በዚያ ሰሞን ከኮምፒውተሩ እግሮች የአንደኛው ጎማ ወድቆ፣ እየተወዛወዘ ሥራ መሐል ቀጥ ይልብኝ ነበር። ፖስታውን ከሥሩ ሸጎጥኩት። ልኩ ሆነ። ልመናው እዚያ ተጨፍልቆ እንዲኖር ፈረድኩበት፤ ደስም አለኝ፣ አልዋሽም። በተናደድኩ ቁጥር ጫፉን በጣቴ ነካ አደርገዋለሁ፤ ይበርድልኛል።

ሐሙስ ጠዋት የእህቴ ልጅ ሳታንኳኳ ገባች። ከዚሁ ትምህርት ቤት በላቦራቶሪ ሙያ ተመርቃ ሆስፒታል ከተቀጠረች ሦስት ዓመቷ ነው። ማስረጃዋን ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረችው።

«አክስቴ፣ ይኼ ያንቺ እጅ ነው?»

«የእኔ ነው። ሰላምታስ?»

«ሐሰተኛ ማስረጃ ነው ብለውኛል።»

ሆስፒታሉ የሠራተኞቹን ማስረጃ ሁሉ እንደ አዲስ እያጣራ ኖሯል። ተራዋ ሲደርስ ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ወረቀቷን ተቀባበሉት።

«የታተመውን ዓመት እይው እስቲ» አለች። «ያኔ እኔ የስንት ዓመት ልጅ ነበርኩ? የሰባት! ‹ጥርስሽን እየነቀልሽ ነው የተመረቅሽው?› ብለው ሳቁብኝ። ከላዩ ደግሞ ስርዝ ድልዝ። እስከ ነገ ስድስት ሰዓት የዛሬ ቀን በማሽን የታተመበት ንጹሕ ማስረጃ ካላመጣሁ ያባርሩኛል። ለፖሊስም እንጽፋለን ብለዋል።»

«ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ። የሰረዝኩት እኔ መሆኔን…»

«ርዕሰ መምህሩ ትናንት ጻፈልኝ እኮ! ሰርዞ የሰጠ ቢሮ ለራሱ ይመሰክራል እንዴ ብለው መለሱት።»

«እንግዲህ ፕሮግራሙ እምቢ ካለ እኔ ምን ላድርግ?»

«የጻፈው ሰውዬ ታች አለ አይደል? ጠይቂዋ!»

«እሱን አልጠይቅም።»

ዓይኗን ሳትነቅል አየችኝ። እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። «እማዬ ምን እንዳለች ልንገርሽ? እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ እህቴ ግን ምላጩን ያስዋጠችው ልጄን ነው አለች።»

ውጪልኝ አልኳት። አልወጣችም። የባለጉዳይ ወንበር ስባ ተቀመጠችና በንዴት ታለቅስ ጀመር። ያችን ልጅ እግሯ መሬት ሳይነካ አዝዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ልቅሶዋን አልችልም። የዘንድሮውን ዓመት ጻፍኩ። ዓመቱ አይታወቅም አለኝ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ፣ አስነሥቼ፣ ጎኑን ከወትሮው ጠንከር አድርጌ መትቼ ደግሜ ጻፍኩ። አይታወቅም። ተነሥቼ ወረድኩ።

ወርክሾፑ ውስጥ ተማሪ አልነበረም፤ ዕረፍት ወጥተዋል። እሱ የተፈታታ ሞተር ላይ አቀርቅሯል። የመነጽሩ እጀታ በሽቦ ታስሯል። ከአሥራ አንድ ዓመት ዝምታ በኋላ ምን ብዬ እንደምጀምር በየደረጃው ሳሰላስል ነበር የወረድኩት።

«ፕሮግራምህ ተበላሽቷል» አልኩት።

ቀና አላለም። «እንኳን ደህና መጣሽ።»

«ሰላም ልልህ አልመጣሁም።»

«አውቃለሁ። ለሰላምታማ ሁለት ፎቅ ይርቅሻል።» መፍቻውን አስቀመጠ። «ፕሮግራሙ አልተበላሸም። ዓመቱ ነው ያለቀው። እሱንም አስተካክዬ ሰጥቼሻለሁ።»

«መቼ?»

«ያኔ። በፖስታ።»

የሥራ ጠረጴዛውን ያዝኩ።

«ቀድዳ ጥላዋለች ብዬ ነው የተውኩት» አለ። «ከዚያ ወዲህ በብዕር ስታርሚ ባየሁ ቁጥር፣ እሰይ፣ በገዛ እጇ ነው እላለሁ።»

«አሥራ አንድ ዓመት እያየህ ዝም አልክ?»

«አዎ፣ ዝም አልኩ። ደስ ብሎኝ ነው ዝም ያልኩት። አንቺ ደስ ሳይልሽ ነው ያልከፈትሽው?»

ከተጋባን ጀምሮ ንግግሬን የሚያስውጠኝ እሱ ብቻ ነው፤ ለዚህም ነው የምጠላው።

«አልቀደድኩትም» አልኩ በመጨረሻ።

«ታዲያ የት አለ?»

ዞሬ ደረጃውን ወጣሁ። ኮቴው ከኋላዬ ተከተለኝ። የእህቴ ልጅ ሁለታችንን በአንድ በር ስንገባ ስታይ ከድንጋጤዋ ልቅሶዋን አቆመች። እሱ ማንንም ሰላም አላለም። ኮምፒውተሩን ዙሪያውን አየና ከሥሩ ብቅ ያለው ቡናማ ጫፍ ላይ ዓይኑ ቆመ።

«ከሥሩ?» አለ። «ማስደገፊያ አደረግሽው?»

ጎኑን ከፍ አድርጎ ሳበው። ፖስታው ጠረጴዛው ላይ ተጣብቆ ነበር፤ በጥፍሩ እየፋቀ አላቀቀው። ጠርዙን ቀደደው። ልጅቷ እየሰማች ልመናውን ሊያነበው ነው ብዬ አፈርኩ፤ ለእሱ ነበር ያፈርኩለት፣ ለእኔ አልነበረም። የወጣው አንድ ዲስኬትና አንዲት ቁራጭ ወረቀት ነው። ወረቀቷን ከእጁ ነጠቅኩት። በዚያ ቁመታም ጽሕፈቱ እንዲህ ይላል። አንድ፣ ዲስኬቱን አስገቢ። ሁለት፣ «አድስ» ብለሽ ጻፊ። ሦስት፣ እስኪጨርስ እንዳታጠፊው። ከዚያ በታች ያለውን ለማንበብ ዓይኔ እምቢ አለኝ። ይቅርታ የለም። ፎቶ የለም። ስሜ እንኳ የለም። አሥራ አንድ ዓመት ልመና ነው እያልኩ የተደሰትኩበት የሥራ መመሪያ ነበር። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ጣልኳት።

«ምን መስሎሽ ነበር?» አለኝ።

«ምንም።»

«የሆነ ነገርማ መስሎሻል።»

«ምንም አልኩህ!»

ዲስኬቱን ከተተው። ድራይቩ ፈጨ፣ ቆመ፣ ደግሞ ፈጨ፣ ከዚያ ማንበብ አልቻልኩም አለ። ክብደቱ አጣሞታል። «ገድለሽዋል» አለና ሳይፈቀድለት ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። ያኔ የጻፈውን ከጭንቅላቱ እያወጣ ዓመታቱን አንድ በአንድ ይሞላ ጀመር። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። እኔ በገዛ ቢሮዬ ቆሜ፣ የብየዳ ሽታው እንደ ድሮው እየሸተተኝ። አንድ ጊዜ ልጠይቀው ጠጋ ስል «ጀርባዬ ላይ አትቁሚ» አለኝ። ሄጄ መስኮቱ ጋ ቆምኩ።

ሲጨርስ የዘንድሮውን ዓመት ጻፈ። ማራገቢያው አጓራ፣ መዝገቡ ተከፈተ። ማተሚያው እየጮኸ የልጅቷን ማስረጃ መስመር በመስመር ተፋው። የዛሬ ቀን፣ የዛሬ ዓመት፣ በማሽን ፊደል። ማኅተሙን አሳረፍኩበት።

እሱ በሩ ላይ ደርሶ ዞረ። «አርባ ዓመት ጨምሬበታለሁ። እኔም አንቺም አንደርስበትም። ሁለተኛ እንዳትጠሪኝ።»

«ማን ጠራህ?» አልኩት።

ኮቴው ደረጃውን ወረደ። የእህቴ ልጅ ወረቀቷን በላስቲክ ሸፍና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ትስመኛለች ብዬ ነበር፤ አልሳመችኝም።

«ሌሎቹስ አክስቴ?»

«የትኞቹ ሌሎች?»

«አንቺ እየሰረዝሽ የሰጠሻቸው» አለችና ሄደች።

ብቻዬን ስቀር ወረቀቷን ልጥላት አነሣኋት። ያላነበብኩት አራተኛ መስመር ነበር። «አራት፣ መዝገቡን አይቻለሁ፤ እስካሁን በብዕር አርመሽ የሰጠሻቸው ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። ሳይቸገሩ ጠርተሽ ቀይሪላቸው።»

ዘጠኝ። በዚያ ሳምንት ቢሆን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር። የወጪ መዝገቡን አወረድኩና ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ትናንት ያለውን ተራ ቁጥር አየሁ። ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ ስድስት። እያንዳንዱ መስመር ላይ ፊርማዬ አለ። ልክሰሰው ብል፣ እሱም ዘጠኙን ቆጥሮ የቀሩትን ዝም ብሎ አይቷል። ግን ብዕሩ የእኔ ነበር።

አንዱ ትዝ አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ በብረታ ብረት ሙያ የተመረቀ፣ ጉልህ ድምፅ ያለው ሰው። መጀመሪያ ሲመጣ ለመነኝ፤ ፋብሪካው በተሰረዘ ማስረጃ አልቀጥርህም ብሎታል። ሁለተኛ ሲመጣ ጮኸብኝ። «ብዕሩ የእኔ፣ ፊርማው የእኔ፣ ማኅተሙ የትምህርት ቤቱ፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርግልህ?» አልኩትና ዘበኛ ጠርቼ አስወጣሁት። ዘበኛው እየጎተተው፣ በሩን በሁለት እጁ ይዞ «በልጅሽ ይድረስ!» አለኝ። ልጅ ስለሌለኝ ስቄበት ነበር። ማታ ለእህቴ እንደ ቀልድ ነገርኳት፤ የእህቴ ልጅም አጠገባችን ነበረች፣ አብራን ሳቀች።

ፋይሉን ፈልጌ አወጣሁ። ስልክ ቁጥሩ ከኋላ ተጽፏል። ደወልኩ።

«ማን ልበል?»

«ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ነው። ማስረጃህን በአዲስ ልንቀይርልህ…»

ከጀርባው የመዶሻ ድምፅ ይሰማል።

«ያችው ሴትዮ ነሽ?»

«አዎ፣ ነኝ።»

ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ቁጥሩን እንደገና መታሁ።