ቀድሞ የሚያይ ሌንስ

ፎቶ አንሺው ያገለገለ አሮጌ ዲጂታል ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ሚስቱን ለመሞከሪያ አስከትሎ አንድ ያገለገሉ ሌንሶች ሻጭ ዘንድ ገባ። ሚስትየው ወንበር ላይ ጉብ አለች።

የመጀመሪያው ሌንስ ውስጡ ሻጋታ በቅሎበት ፊቷን ጭጋግ አለበሰው። ሁለተኛው ግን ጥርት ያለ ነው፤ የግድግዳውን ስንጥቅ፣ ግድግዳው ላይ ያረፈችውን የዝንብ እግር ሳይቀር ለቅሞ አወጣ። እሷን ብቻ አላወጣም።

"ምነው ስክሪኑ ላይ አፈጠጥክ? ወፈርኩ እንዴ?" አለች እየሳቀች።

ደግሞ አነሳት። ፎቶው ላይ ወንበሩ ባዶ ነው። አሁን አንገቷ ላይ ያለው ሻርፕ መደገፊያው ላይ ተንጠልጥሎ አቧራ ለብሷል።

ፎቶውን ለሻጩ አሳየው። "ጋሼ፣ ምንድነው ይሄ?" አለ በሹክሹክታ።

"ካሜራህ ደህና ነው" አለ ሻጩም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሌንሱ የሚመጣውን ትንሽ ቀደም ብሎ ያያል። በምን ያህል እንደሚቀድም ግን እኔም አላውቅም።"

"የሻገተውን ይጠቅልሉልኝ" አለ ፎቶ አንሺው።

"አንተ ሰው፣ ጤነኛ ነህ? ጥሩው እያለ!" አለች ሚስቱ።

"በዚህኛው ነው የምታምሪው፣ የኔ እመቤት።"

ሻጩ የጠራውን ሌንስ ወደ መደርደሪያው እየመለሰ፣ "ባል የሆነ ሁሉ የሻገተውን ነው የሚመርጠው" ብሎ አጉረመረመ።

ውጭ መንገዱ ላይ አንድም መኪና አልነበረም። ፎቶ አንሺው ግን የሚስቱን ክንድ ጭምድድ አድርጎ ይዞ፣ መሻገር ፈርቶ ቆመ።