ገደል ላይ መርዶ አይነገርም

«ዝም በሉ፤ ልጅቷ ናት» አለች ሠናይት፣ የሚጮኸውን ስልክ ከፍ አድርጋ እያሳየች።

ለቅሶ ቤቱ ባንዴ ጸጥ አለ። ሶፋውን የሞሉት ሴቶች እንባቸውን ሳይጠርጉ ደረቁ። ጫማውን ሊያወልቅ በር ላይ ያጎነበሰው እንግዳ እንዳጎነበሰ ቀረ። እትዬ እታለም ጥቁሩን ሻሽ ከራሳቸው ፈትተው ጣሉት፤ ነጠላቸውን አውልቀው ለሠናይት ሰጡና እሷ ያቀበለቻቸውን ግራጫ ሹራብ አጠለቁ። ፊታቸውን በመዳፋቸው አበስ አበስ አድርገው በረንዳ ወጡ፤ የመስተዋቱንም በር ከኋላቸው ዘጉት። ይህ ሁሉ ሲሆን ስልኩ ገና አምስቴ አልጠራም። በሦስት ቀን ውስጥ እጃቸው ለምዶታል።

«ሃሎ፣ የኔ ልጅ።»

ዮሐና ስልኩ ላይ ብቅ አለች። አፍንጫዋ በፀሐይ ተልጧል። ከኋላዋ ግራጫ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ጫፍ ላይ ደግሞ በሐምሌ ያልቀለጠ በረዶ ይታያል።

«እማዬ፣ ዛሬ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሜትር ላይ ወጣን።»

እማዬ የምትላቸው አያቷን ነው። እናቷ የሞተችው በሦስት ዓመቷ ስለሆነ፣ አባቷ «እማዬ» ሲል እየሰማች እሷም በዚያው ቀረች።

«እሰይ። በልተሻል?»

«ያ ያ፣ በልቻለሁ።»

«ካልሲሽ ደረቅ ነው?»

«ደረቅ ነው። አባዬስ?»

እትዬ እታለም ዓይናቸውን ከስልኩ አንስተው ቁልቁል ኦስሎ ዳር ወዳለው ስቶቭነር ባቡር ጣቢያ ላኩ። አንድ ባቡር ሰው አራግፎ ወደ ቬስትሊ ሲነሳ አዩ። «ሥራ ነው» አሉ። «ሰው ሁሉ ለእረፍት ፌሪየ ወጥቶ ፈረቃውን እሱ ላይ ደራረቡበት።»

«ስልክ አያነሳም እኮ። ትናንት የላም ፎቶ ብልክለት አውራ ጣት ብቻ መለሰልኝ። አባዬ ለአንዲት ላም ግማሽ ገጽ ነው የሚጽፈው።»

«ደክሞት ይሆናላ።»

ባሏ ነብዩ አንገቱን በትከሻዋ ላይ አሾለከ። «እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ዛሬ ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ሄድን።»

«ምነው ልጄ፣ ማን አሳደዳችሁ?»

ሁለቱም ሳቁ። እትዬ እታለምም ሳቁ። ከመስተዋቱ በር ማዶ ጥቁር የለበሰ ሃያ ሰው ሲስቁ ያያቸዋል።

የዮሐና አባት ሶፎንያስ የሞተው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ለሥራ ሊወጣ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያስር ነበር። እናቱ «ምነው ቆየህ» ብለው ብቅ ሲሉ ግድግዳውን ተደግፎ አገኙት፤ አንዱ ጫማ ታስሯል፣ አንዱ አልታሰረም። ልብ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ዕድሜው አምሳ ስድስት ነበር። ሞት ሲዘገይ የቀረ ይመስላል ይባላል። እትዬ እታለም በሰባ አምስት ዓመታቸው ሲጠብቁ የኖሩት የራሳቸውን ነበር።

ዮሐናና ነብዩ በግንቦት ተጋብተው ለጫጉላ ሽርሽራቸው የመረጡት በእግር መሄድን ነው። ከጀርመን ተነስተው፣ የኦስትሪያን ተራሮች አቋርጠው፣ ኢጣሊያ ለመውረድ ሁለት ሳምንት ተኩል፤ ያውም ልብሳቸውን በጀርባቸው ተሸክመው፣ ተራራ ላይ በተሠሩ ማደሪያዎች እያደሩ። ሶፎንያስ ይህን የሰማ ዕለት ቡናውን አስቀምጦ ሳቀ። «እኔ ከመሄድ ልገላገል ብዬ አሥራ ዘጠኝ ሌሊት ሄድኩ። አንቺ ደግሞ ከፍለሽ ትሄጃለሽ?» አላት። በሃያ ዓመቱ ከጎንደር ወደ ሱዳን የወጣው በእግሩ ነበር፤ ቀን ቀን ማሽላ ውስጥ እየተደበቀ። ከዚያ ያለፈ ነገር ስለዚያ መንገድ አውርቶ አያውቅም።

ቀልዱን ከጨረሰ በኋላ ግን ካርታቸውን ማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ግሮሩድ ጫካ ይዟቸው ይወጣና ከኋላ ከኋላ እየተከተለ አረማመዳቸውን ያያል። አንድ ቀን ነብዩን ነጠል አድርጎ ሲመክረው እትዬ እታለም ሰምተዋል። «ዮሐና ሲደክማት አትናገርም። የግራ እግሯ ወደ ውስጥ መዞር ሲጀምር፣ ያኔ አንተ ደከመኝ ብለህ ተቀመጥ።»

ሬሳው ከቤት ሲወጣ እትዬ እታለም ለተሰበሰበው ሰው የተናገሩት አንድ ነገር ነው። «ገደል ላይ መርዶ አይነገርም።» ልጅቷ ብረት ገመድ እየጨበጠች በምትሄድበት መንገድ ላይ ናት። መርዶ ጉልበት ይቆርጣል። ሜዳ ትውረድ፣ ቤቷ ትግባ፣ እንደ ወጉ ሰው ይክበባት፤ ያኔ ትስማ። ሰውም እውነታቸውን ነው አለ። የማንስ ወግ ነው፣ ሰው ብቻውን ባለበት የሚያረዳው?

ማክሰኞ ዕለት አለማየሁ መጣ። የእድሩ ሊቀ መንበር ነው፤ ከሶፎንያስ ጋር ሃያ ዓመት አንድ መስመር ላይ ባቡር ነድቷል። ከእትዬ እታለም ፊት ዝቅ ብሎ ተቀመጠና ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«እትዬ፣ የቀብር ቢሮውን አነጋገርኩ። ከአሥር የሥራ ቀን አያልፍም ነው የሚሉት። መጨረሻው የሚመጣው ሳምንት ዓርብ ነው።»

«እነሱ የሚመለሱት ቅዳሜ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አንድ ቀን እኮ ነው፣ አለማየሁ። አንድ ቀን ጨምሩልን በላቸው።»

«ኮሙኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ምክንያቱን ይጠይቀኛል። አባቷ መሞቱን ስላልነገርናት ነው ልበል?»

«ሩቅ አገር ናት በል።»

«እትዬ፣ ኦስትሪያ በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት አይሞላም።»

ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ሠናይት፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ቤቷን ረስታ እዚሁ የዋለችው፣ ቴርሞሱን አስቀምጣ ተጠጋች። «ለነብዩ ለብቻው ይነገረው። ሰበብ ፈልጎ ያምጣት።»

«ነብዩ?» አሉ እትዬ እታለም። «ያ ልጅ ሆዱን ግንባሩ ላይ ነው የሚይዘው። የልደቷን ስጦታ እንኳ መደበቅ አቅቶት ገና ባቡር ላይ ሳሉ ነገራት።»

አንዲት ሴት ሳቅ አመለጣትና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

አለማየሁ ግን አልሳቀም። «እንግዲያው ልጁ ሳትቀብረው ይቀበር?»

«አፈር ሲለብስ አይታ ምን ታተርፋለች? እሷ በእግሯ ትምጣልኝ። አንዱን ቀብሬ ሁለተኛዋን ከገደል ሥር የማስለቅም ሴት ነኝ እንዴ?»

አለማየሁ ባርኔጣውን አንስቶ አቧራ የሌለበትን ጠርዝ አራገፈ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የእትዬ እታለም ግን እያደር ከበደ። እሑድ አንድ ቃል ነበረች፤ ሰኞ ፈረቃ ተጨመረባት፤ ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ «ስልኩ ወድቆበት ተሰንጥቋል» የምትል መጣች። የትኛውን ለማን እንደተናገሩ እንዳይጠፋባቸው በአፋቸው ውስጥ ሲያጠኑ፣ ለልጃቸው ማልቀሻ ጊዜ አጡ። እንግዳው ሁሉ «እናትየዋ ጠንካራ ናት» ብሎ ያደንቃል።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ከሹራባቸው ኪስ የማያወጡት የሶፎንያስ ስልክ ተንቀጠቀጠ። ወደ ልጃቸው መኝታ ክፍል ገብተው በሩን ዘጉ። የስልኩ ቁልፍ ዮሐና የተወለደችበት ዓመት ነው፤ ሶፎንያስ ከእናቱ ደብቆት አያውቅም። የመጣው የድምፅ መልእክት ነበር።

«አባዬ፣ ዛሬ ቁልቁለቱ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ነብዩ ድንገት ደከመኝ ብሎ ቁጭ አለ። ደክሞት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አንተ ነህ ያስተማርከው። ተቀምጠን ቸኮላት ስንበላ አንተን አሰብኩህ። እኛ ካርታ አለን፣ የሚጠብቀን ሾርባ አለ። አንተ ያን ሁሉ ሌሊት ምን እያሰብክ ሄድክ? ጠይቄህ አላውቅም። ስመለስ ትነግረኛለህ፣ ናይ፣ እምቢ ማለት የለም። ስልክህን አሠራው ደግሞ። ቻው።»

እትዬ እታለም ሁለት ጊዜ ሰሙት። ከዚያ በኋላ ያስታወሱት ሸሚዙን ነው።

ሶፎንያስ ካርቱም ሳለ አባቱ ተክለሃይማኖት ጎንደር ላይ ሞቱ። ዘመድ ተሰብስቦ መከረ። ልጁ ስደት ላይ ነው፣ ብቻውን ነው፣ አይነገረው ተባለ። ስድስተኛ ክፍል የደረሱት እትዬ እታለም ነበሩና ደብዳቤውን የሚጽፉት እሳቸው ሆኑ። «አባትህ ደህና ነው፤ ሰላም ይልሃል» እያሉ ሁለት ዓመት ጻፉ። ሶፎንያስ ኖርዌይ ገብቶ በስደተኞች መቀበያው የምሳ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሳለ፣ አንድ የጎንደር ሰው ሳህኑን እንደያዘ ዞር ብሎ «አባትህን ነፍስ ይማር» አለው።

በዚህ ነገር እናቱን ወቅሷቸው አያውቅም። ሚስቱ ሞታ ልጁን እንዲያሳድጉለት ካስመጣቸው በኋላ፣ ስንት ዓመት አልፎ፣ አንድ ቀን የሥራ ልብሱን ሲተኩስ ግን ቀና ሳይል ጠየቃቸው።

«እማዬ፣ ከካርቱም ለአባዬ የላክሁት ሰማያዊ ሸሚዝ ነበር። ማን ለበሰው?»

«አጎትህ።»

«ልክ ሆነው?»

«እጅጌው አጠረው።»

«ለአባዬ ልኩ ነበር» አለና ካውያውን ወደ ሌላኛው እጅጌ አዞረ። በዚያች ሰዓት ቢሰድባቸው ይሻላቸው እንደነበር እትዬ እታለም ለንስሐ አባታቸው ብቻ ነው የተናገሩት።

አሁን ስልኩ በእጃቸው ላይ ነው። ከመልእክቱ ሥር ያቺ የአውራ ጣት ምልክት ትታያለች፤ አንዴ መንካት ብቻ ነው። ጣታቸው ከስልኩ መስተዋት በላይ ቆመ። አልነኩም። ዮሐና ለሞተ ሰው የድምፅ ደብዳቤ ላከች፤ ነገ ደግሞ ትልካለች፤ መላሹ ማን ሆኖ?

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሁለቱ ማደሪያቸው በሚደርሱበት ሰዓት፣ እትዬ እታለም ራሳቸው ደወሉ። ሠናይት ሹራቡን ይዛ ብትቀርብ በእጃቸው መለሷት። በረንዳም አልወጡም። ሶፋው መካከል፣ እንግዳው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ካለው ቴርሞስ ጋር አስደግፈው ወደ ራሳቸው ፊት ብቻ አዞሩት።

ያነሳው ነብዩ ነው።

«ነብዩ፣ ደርሳችኋል?»

«አዎ እማማ፣ ሂታው፣ ማደሪያው ውስጥ ነን።»

«ሜዳ ነው ወይስ ገደል?»

«ሜዳ ነው። አግዳሚ ወንበር አለ፣ ምድጃ አለ።»

«እሷ ጫማዋን አውልቃለች?»

«አውልቃለች። ምነው?»

«ሌላ ማን አለ?»

ነብዩ ዞር ዞር ብሎ አየ። «አንድ ሽማግሌና አሮጊት አሉ፣ ጀርመኖች። ቤቱን የምትጠብቀዋ ሴትዮም አለች።»

«ጥራቸው።»

«ማንን?»

«ሁሉንም። ከዮሐና ግራና ቀኝ ይቀመጡ። አንተም ክንዷን ያዝ።»

የነብዩ ፊት እሳቸው እንዳሉት ነው፤ ምንም አይሸሽግም። ምን ብሎ እንዳስረዳቸው እንጃ፤ ከስልኩ ውስጥ የወንበር መጎተት ተሰማ። ነጭ ጸጉር ያላት አሮጊት ሹራብ እንደያዘች መጥታ ከዮሐና አጠገብ ተቀመጠች፤ ሽማግሌው ከኋላዋ ቆመ። ዮሐና ግራ ቀኝ ተመለከተች። ኦስሎ ተወልዳ ብታድግም ሰው ለምን እንደሚሰበሰብ የምታውቅ የሐበሻ ልጅ ናት።

«እማዬ» አለች ቀስ ብላ። «ለምንድነው ሰው የምትሰበስቢብኝ?»

እትዬ እታለም ስልኩን አንስተው ቤቱን በሙሉ አሳዩዋት። ጥቁር የለበሰውን ሰው፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጡትን ወንበሮች። ከዚያ ወደ ፊታቸው መለሱት።

«ማነው?»

«ሶፎንያስ ነው» አሉ። «ልጄ ነው።»

አምስት ቀን ሙሉ ይህን ቃል ከአፋቸው አውጥተውት አያውቁም ነበር።

«መቼ?»

«ቅዳሜ ጠዋት።»

ዮሐና ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ቀን ትቆጥራለች። «ላሟን እሑድ ነው የላክኋት።»

«የመለስኩልሽ እኔ ነኝ።»

«ሰኞ ሳቅሽ። ሥራ ነው አልሽኝና ሳቅሽ።»

«ዋሸሁሽ። እንዳትወድቂብኝ ፈርቼ ነው። በአባትሽም እንዲሁ አድርጌ ነበር፤ እሱ ችሎ ዝም አለኝ። አንቺ ዝም አትበይኝ።»

ዝም አላለችም። ከማደሪያው የወጣው ጩኸት ስልኩን አንቀጠቀጠው። አሮጊቷ ጀርመን ቋንቋው ሳይገባት ልጅቷን ሁለት እጇን ዘርግታ አቀፈቻት። ስቶቭነርም ውስጥ፣ አምስት ቀን የታፈነው ለቅሶ ከሴቶቹ ደረት ባንዴ ወጣ፤ እትዬ እታለምም ከነድምፃቸው አለቀሱ። አለማየሁ መስኮቱን ሊዘጋ ተነሳና ተወው።

ብዙ ቆይቶ ነብዩ ስልኩን ያዘ። ዓይኑ አብጧል። «ጠዋት በገመድ መኪናው እንወርዳለን፣ እማማ። በእግር አይደለም። ማታ ኦስሎ ነን።»

«ስጣት።»

ዮሐና ወደ ስልኩ ቀረበች። ለአያቷ ያላት ቁጣ ከፊቷ አልጠፋም፤ ምናልባትም ቶሎ አይጠፋ ይሆናል። «ሳልደርስ እንዳትቀብሩት» አለች።

«አይቀበርም።»

«መጣሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። ከደጅ አዲስ ለቀስተኞች ገብተው መቀመጫ ይፈልጉ ጀመር። እትዬ እታለም ከሶፋው መካከል ተነሱና ወደ ጠርዙ ተጠጉ፤ አጠገባቸው ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ተከፈተ። አንዲት ሴትዮ እዚያ ልትቀመጥ ስትል መዳፋቸውን ዘርግተው ቦታው ላይ አኖሩት፤ አላነሱትም።