በአራተኛው ዘፈን የሚንኳኳው

የሐያሲው ጽሑፍ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት ዘፋኟ ደሟ ፈልቶ ወደ አሳታሚዋ ቢሮ ሄደች። ጽሑፉ አልሰደባትም፤ ቢሰድባት ይሻላት ነበር። አልበሙን ከዳር እስከ ዳር አመስግኖ፣ "ይህ ከባሏ ሬሳ አጠገብ የተቀመጠች ሴት ሥራ ነው፤ ፒያኖው ራሱ ማቅ ለብሷል" ይላል። አራተኛው ዘፈን ላይ ሲደርስማ ብዕሩ ልጓሙን በጠሰ። በግጥሙ ውስጥ ተከፍቶ የቀረው መሳቢያ መቃብር ነው አለ። ከፒያኖው ጀርባ ሁለት ጊዜ ቋ፣ ቋ የሚለውንም የሬሳ ሳጥን ምስማር አደረገው። ከዚያ ወዲህ የጻፈ ሁሉ ከእሱ እየቀዳ ጻፈ። ጎረቤቷ ሳትቀር ደረጃ ላይ አስቁማ፣ ምስማሩ ጋ ስትደርስ እንባዋ እንደሚያመልጣት ነግራታለች።

አልበሙ ሲቀረጽ ባሏ በሕይወት ነበር። ደህና ይበላ፣ ደህና ይጨቃጨቅ ነበር። ሥራው ፒያኖ መቃኘት ነበር። ፒያኖው በደረጃው ስለማይወርድ የተቀረጸው እዚያው ሳሎናቸው ውስጥ ሲሆን፣ አንዱ ክር እየላላ ስላስቸገረ እሱ መቃኛውን ይዞ ከጀርባው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። አራተኛው ዘፈን መሳቢያ ከፍቶ እንደተከፈተ ትቶ ስለሚሄድ ወንድ ነው፤ እሱን ለማብሸቅ የጻፈችው። መሀል ላይ ምቱን ስትጎትት፣ እንደ ሃያ ስድስት ዓመት ልማዱ፣ በመቃኛው የእንጨት እጀታ ፒያኖውን ሁለቴ ቆረቆረላት። ተጎተትሽ ማለቱ ነው። እንድገመው ብትለው፣ ከዚህ የተሻለ አትጫወችውም ብሎ እምቢ አለ፤ በዚያው ተኳርፈው ዋሉ። በሰባተኛው ሳምንት ሞተ። አልበሙ ከዚያ በኋላ ስለወጣ፣ መቼ እንደተቀረጸ የጠየቀ የለም።

ቢሮው ስትገባ ሐያሲው ቀድሟት ተቀምጧል። አሳታሚው፣ የባሏ የድሮ ጓደኛ፣ ተነሥቶ ወንበር ሳበላት። ጠረጴዛው ላይ የሁለተኛው እትም ሽፋን ተዘርግቷል፤ የማቁ ዓረፍተ ነገር ከስሟ በላይ፣ ከስሟ ደምቆ። አሳታሚው ሰው ሁሉ ያችን ምስማር እየጠበቀ እንደሚያዳምጥ ነገራት። ስለዚህ የምስማሯን ድምፅ ጎላ ሊያደርጉት አስበዋል፤ የቀረው የእሷ ፊርማ ብቻ ነው።

"ምስማር አይደለም" አለች።

ሐያሲው ፈገግ አለ። "እህቴ፣ እኔ እኮ ሐዘንዎን ነው ያከበርኩት።"

"ሐዘኔን የት አዩት? ለቅሶ ደርሰዋል?"

"አልደረስኩም።"

"ታዲያ ሳይደርሱ አልቃሽ ማን አደረገዎት?"

አሳታሚው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሐያሲው ግን ሳይጠሩት አቤት የሚል ዓይነት ሰው ነውና አልደነገጠም። ዘፈን አንዴ ከወጣ የአድማጭ እንደሆነ፣ እሷም ብትሆን የጻፈችውን ሁሉ ላታውቀው እንደምትችል አስረዳት። ጥርሷን ነክሳ አስጨረሰችው።

"ይሁን፣ ዘፈኑ የአድማጭ ይሁን" አለች። "ባሌ ግን የአድማጭ አይደለም።"

"እሺ፣ ምስማር ካልሆነ ምንድን ነው?" ደብተሩን ከኪሱ አወጣ።

መልሱ ከምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። በሁለት ቃል ልታዋርደው ትችላለች። ግን እስክሪብቶውን አየች። ብትናገር በሳምንቱ ይጽፈዋል፤ "የባል የመጨረሻ ድምፅ" ይለዋል፤ ጎረቤቷም ደረጃው ላይ እንደገና ታለቅሳለች። የበርጩማው ሰውዬ ከምስማርም የባሰ ገበያ ይሆናል። ዋጠችው።

"ደብተርህን እጠፍ" አለችው። አንቱታው እዚያ ላይ ቀረ።

ከዚያ ወደ አሳታሚው ዞረች። ይህ ሰው ሳሎናቸው ውስጥ ስንት ቅዳሜ ተቀምጦ ያንን ቁርቆራ ሰምቷል፤ ስቆበታልም።

"አንተስ፣ ጋሼ? አንተም ምስማር ነው የሰማኸው?"

አሳታሚው አንገቱን ደፋ። ሽፋኑን በጣቱ አስተካከለ፤ ሽፋኑ ግን ድሮም አልተጣመመም ነበር።

"ሰው ወደደው" አለ ቀስ ብሎ። "ምን ላድርግ?"

ከሐያሲው ይልቅ ይህ አንጀቷን አሳረራት። አንዱ ሳያውቅ ነው የቀባጠረው፤ ሌላው እያወቀ ነው ዝም ያለው። እስክሪብቶ ሳታስፈቅድ ከጠረጴዛው አነሣች፤ የማቁን ዓረፍተ ነገር ወረቀቱ እስኪቀደድ ሰረዘችው፤ ከጎኑ "ድምፁ እንዳለ ይቆይ" ብላ ጽፋ ፈረመች። አሳታሚው ያለ ጽሑፉ ሁለተኛው እትም ላይታተም እንደሚችል አስጠነቀቃት።

"አይታተማ" ብላ ወጣች።

ቤት ስትገባ ፀሐይ ገና ሳሎኑ ውስጥ ነበረች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ፒያኖው ፊት ተቀመጠች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ማንም አልቃኘውም፤ ያ ክር ላልቷል። አራተኛውን ዘፈን ጀመረች። ያ ቦታ ላይ ስትደርስ ሆን ብላ ጎተተችው። አሁንም ጎተተችው።

"በል እንጂ" አለች በቁጣ፣ ወደ በርጩማው ሳትዞር።