ዋስ የጠየቀው ኮምፒውተር

ራቢዓ ምላሷ ረጅም ነው ይሉኛል። ይበሉ። ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒና አንድ ማራገቢያ ይዛ ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ማመልከቻ የምትጽፍ ሴት ምላሷ ቢያጥር ነበር የሚገርመኝ። የሰው ጉዳይ ሁሉ በእጄ ነው የሚያልፈው። ያኔ፣ በ2003 ዓ.ም.፣ በከተማው ኢሜል ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ስለነበር ከሳዑዲም ከቤይሩትም የሚላከው ደብዳቤና ፎቶ በእኔ አድራሻ ይመጣል። እኔም ከፍቼ አትማለሁ፤ ማንበብ ለማይችለውም አነብለታለሁ። ያነበብኩትን ግን ለሌላ አላወራም።

አንድ ክፉ ልማድ ነበረኝ። ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል ሊከፈት ሲል ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ያስጠነቅቃል። መሀል ላይ የጋሻ ምልክት ያላት አንዲት ሳጥን ብቅ ትልና በእንግሊዝኛ ትናገራለች፦ የዚህ ፋይል አዘጋጅ ማን እንደሆነ አልተረጋገጠም፣ ኮምፒውተርዎን ሊጎዳ ይችላል፣ ለመክፈት እርግጠኛ ነዎት ወይ? ከስሯ “ክፈት” እና “ተው” የሚሉ ሁለት ቁልፎች አሉ። እኔ እሷን ጨርሼ አንብቤያት አላውቅም። ገና ብቅ ስትል “ክፈት” ነው። በዚህ የተነሳ ኮምፒውተሬ ሁለት ጊዜ በቫይረስ ታሞብኝ ወልድያ ድረስ በሚኒባስ እቅፌ ላይ አድርጌ ወስጄዋለሁ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሕፃን የያዝኩ ይመስል ቀስ፣ ቀስ ሲለኝ። ያም ሆኖ አልተማርኩም።

አንድ አርብ ኢልሀም መጣች። ኢልሀም የአጎቴ የሸረፈዲን ልጅ ናት። አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው፤ እኔም አባባ ነው የምላቸው፣ እሷንም እህቴ ነው የምላት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች፤ ለፈተናዋ ሃያ ቀን ቀርቷታል። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ከቅርጫቱ የተበላሸ ወረቀት እያነሳች ትቀዳድድ ጀመር። ምን ሆነሻል ብላት ሊድሩኝ ነው አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዒምራን የሚባል የዋጃ ልጅ አለ፤ ጅዳ ከገባ ስምንት ዓመቱ ነው። አጎቱ በድረዲን ሽማግሌ ሆኖ መጥቶ ኢልሀምን ጠይቋል። አባባ እምቢም እሺም አላሉም። ልጁ በማግሥቱ ቅዳሜ የፎቶ አልበም በኢሜል ሊልክ ነው። አልበሙ ታይቶ ሽማግሎቹ ማሻአላህ ካሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ኒካው በወኪል ይታሰርና ኢልሀም ወደ ጅዳ ትሄዳለች። ልጁን ጠልተሽው ነው ወይ ብላት፣ ጭራሽ አላውቀውም አለችኝ። ታዲያ ለአባትሽ ንገሪያቸው ብላት፣ እሳቸውን ቀና ብዬ አይቼ ምን እላለሁ አለች።

ደሜ ፈላ። እንዴት ነው ሃያ ቀን የማይታገሡት? ግን አባባንም አውቃቸዋለሁ። ይሉኝታ የገደላቸው ሰው ናቸው። የዒምራን አያት ደም የተቃባ ሰው ሲያስታርቁ የኖሩ፣ ከዋጃ እስከ ጎብዬ ስማቸው የሚከበር ሰው ነበሩ። የእንዲህ ያለ ቤት ሽማግሌ ደጃቸው ቆሞ ሳለ አባባ እምቢ ከሚሉ አንድ ጥርሳቸውን ቢያወልቁ ይቀላቸዋል።

ቅዳሜ ከዙህር ሶላት በኋላ አባባ መጡ። ጋሽ ሙላውም አብረው ናቸው። ጋሽ ሙላው ክርስቲያን ጎረቤታችን ናቸው፤ አባባ ያለ እሳቸው ምክር በሬ አይገዙም፣ እሳቸውም ያለ አባባ ጥጃ አይሸጡም። ኢልሀምም እኔን የምታግዝ መስላ ፎቶ ኮፒው ዘንድ ቆማለች።

አልበሙ ጅዳ ባለ ፎቶ ቤት ከዘፈን ጋር ተቀናብሮ በአንድ ፋይል የታሸገ ነበር። እሱን ለማውረድ አንድ ሰዓት ፈጀ። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ያረቢ መብራቱን አጥፋው ብዬ ያልለመንኩት ልመና የለም። ሌላ ጊዜ በቀን ሦስቴ የሚጠፋው መብራት ያን ቀን ሙሽራውን ሊድር ቆርጦ ተነሥቶ እምቢ አለኝ። ፋይሉ ወረደ። ነካሁት። ሳጥኗ ብቅ አለች።

ጋሽ ሙላው ጣታቸውን ወደ ሳጥኗ ቀስረው ይቺ ደግሞ ምን ትላለች አሉኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ምንም አትልም ብዬ እጫናት ነበር። ያን ቀን ግን እጄን ከማውሱ ላይ አነሣሁ፤ ወንበሬን አስጠጋሁ፤ ድምፄን እንደ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ወፈር አድርጌ አነበብኩላቸው። የላኪው ማንነት አልተረጋገጠም ትላለች። ጉዳት ሊያመጣ ይችላል ትላለች። እርግጠኛ ካልሆናችሁ አትክፈቱ ትላለች። እስከዚህ ድረስ ብዙም አልዋሸሁም። ግን አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? ቀጠልኩና፣

“ዋስ ካለው ዋሱ ይቅረብ ትላለች” አልኩ።

እኛ አገር ዋስ ቀልድ አይደለም። ቆቦ ገበያ ከማያውቀው ሰው በሬም ግመልም የሚገዛ የለም፤ የተሰረቀ ቢሆንስ? ሻጩ ሁለቱም የሚያውቁትን ሰው ጠርቶ፣ ያ ሰው እኔ አለሁ ብሎ በሕዝብ ፊት ካልቆመ ገመዱ ከእጅ ወደ እጅ አይሻገርም። በሐሰት ዋስ የሆነ ሰው ደግሞ ጉዳቱ በልጁ ይደርስበታል ይባላል። ለሙሽራ ግን ዋስ ተጠይቆ አያውቅም። እንደ ዒምራን ዓይነት የተከበረ ቤት ልጅ ዋስ አምጡ መባሉ፣ የሰረቃችሁትን በሬ ልትሸጡልን ነው ከመባል አያንስም። የእኔም ሐሳብ ይኸው ነበር። በድረዲን ይህን ሲሰማ ይቀየማል፣ ተቀይሞም ይቀራል፣ ነገሩም ይፈርሳል ብዬ ነው።

ጋሽ ሙላው ጢማቸውን እየጎተቱ አሰቡ። ዕቃዋ እውነቷን ነው አሉ። ለወይፈን የምንጠይቀውን ለልጅ ሳንጠይቅ መቅረታችን እኛንም ያሳፍረናል፤ ባዕድ ዕቃ አስታወሰችን አሉ። አባባ ሳጥኗን ሲያዩ ቆዩና ስልካቸውን አውጥተው ዋጃ ለበድረዲን ደወሉ። እኔ አይደለሁም የምጠይቅህ፣ ኮምፒውተሩ ነው፣ ያለ ዋስ አልከፍትም ብሎን ነው አሉት። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ሳቄን ያዝኩ። ኢልሀም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በድረዲን አልተቀየመም። ዓስር ሶላት ሳይደርስ ከሚኒባስ ወርዶ እየሳቀ ገባ። ለወንድሜ ልጅ ዋስ መሆን ምን ያስቸግራል፣ የት ልፈርም አለ። በገዛ እጄ የሙሽራውን መንገድ ጠርጌለት አረፍኩ። ኢልሀም በዓይኗ በላችኝ።

አሁን ምን ልበል? ፊርማ አይቀበልም አልኩ። ታዲያ እንዴት ነው አለኝ። እኔም አፌ ላይ የመጣልኝን፣ እጅዎን እዚህ ላይ አድርገው ይማላሉ ብዬ ማውሱን አሳየሁት። ጋሽ ሙላው ደግሞ፣ መቼም ጣልቃ ሳይገቡ አያድሩም፣ የለም፣ ነፍሷ ያለው ከጠረጴዛው ሥር ባለው ትልቁ ሳጥን ነው፣ እዚያ ላይ ይማል ብለው ተከራከሩኝ። እሳቸውን ለማሳመን ብቻ ጥቂት ደቂቃ ሄደ። በመጨረሻ በድረዲን ወንበሬ ላይ ተቀመጠ፤ ቀኝ እጁን ማውሱ ላይ አሳረፈ። ቀስቷን “ክፈት” ላይ አደረግኩለት። እኔ የምፈራው ጣቱን ነበር። አንዴ ጠቅ ካደረገው አለቀ።

የመሐላውን ቃል ያወጡለት ጋሽ ሙላው ናቸው። እንደ ገበያው ደንብ አስደገሙት።

“ለዚህ ልጅ ዋስ ነኝ በል።”

“ለዚህ ልጅ ዋስ ነኝ” አለ በድረዲን።

“ያልነገርኳችሁ ነውር የለበትም በል።”

በድረዲን ጉሮሮውን ጠረገ። ጋሽ ሙላው ያልሰማ መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ያልነገርኳችሁ ነውር ቢኖርበት ጉዳቱ በልጆቼ ይሁን በል አሉት። ቀስቷ ስክሪኑ ላይ ትንቀጠቀጥ ጀመር። በድረዲን አምስት ልጆች አሉት፤ ትንሿ ገና ጡት አልጣለችም። ግንባሩ ላይ ላብ ቸፈፍ አለ። ማራገቢያውን ወደ እሱ አዞርኩለት፤ አዘንኩለት መሰለኝ።

እጁን ከማውሱ ላይ አነሣ።

“ሸረፈዲን፣ አፉ በለኝ” አለ። “ልጁ እዚያ ሚስት አለችው። ሁለት ልጅ ወልዷል። ሚስቱ ሥራ ትውላለች፤ ልጆቹን የሚይዝላቸው ሰው ነው የፈለጉት።”

ፎቶ ኮፒው ብቻ ይጮሃል፤ ኢልሀም ሳታውቀው ቁልፉን በክንዷ ተጭናው ባዶ ወረቀት በላይ በላዩ ያወጣል። ሄጄ አጠፋሁት። በድረዲን የልጁ ወላጆች አትናገር ብለው እንዳስማሉት፣ እሱም ለማንም ክፉ አስቦ እንዳልሆነ ብዙ አወራ። አባባ አልተቆጡም፤ አልተሳደቡም። አፉ ብዬሃለሁ አሉት። እጁን ይዘው ሚኒባሱ ድረስ ሸኙት። ጋሽ ሙላው የኮምፒውተሩን አናት እንደ ፈረስ መታ መታ አድርገው፣ ይቺን ዳኛ አድርጎ የሚቀጥራት ቢገኝ የአገሩ ክርክር በአንድ ክረምት ባለቀ ነበር አሉና ኢልሀምን አስከትለው ወጡ። ልጅቷ መንገድ ላይ ስትሮጥ አየኋት፤ ሃያ ሜትር እንኳ ረግታ አልሄደችም።

እኔ ደስታዬን አልችለው አልኩ። ቁጭ ብዬ ብቻዬን እስቃለሁ። ሁለት ሽማግሌና አንድ የዋጃ አማላጅ በአንዲት ቃል አታለልኩ ብዬ። አባባ ሲመለሱ ሳቄን ዋጥ አደረግኩ። በሩን ገርበብ አድርገው ከፊቴ ተቀመጡ።

“አሁን እውነቱን ንገሪኝ” አሉ። “እዚያ ላይ ዋስ የምትል ቃል አለች?”

መዋሸት አልቻልኩም። የለችም አልኳቸው።

“አውቃለሁ” አሉ። “አምና የሐጅ ወረቀቴን ስትከፍቺልኝ ይችው ሳጥን ወጥታ ነበር። በአንድ ጣትሽ ነው ያባረርሻት።”

ታዲያ ለምን ዝም አሉ፣ ለምንስ ያን ሰው ከዋጃ አስጠሩት አልኳቸው። ፈገግ አሉ። ከጅዳ የተመለሱ ሰዎች ስለ ልጁ ሚስት አንድ ወሬ እንደነገሯቸው፣ ያም ከሆነ ወር እንዳለፈው፣ በድረዲንን ሊጠይቁ ባሰቡ ቁጥር ምላሳቸው እየታሰረ እንደቀረ ነገሩኝ። ያቺን ውሸቴን ሲሰሙ አላህ የላካት መስሏቸው ነበር።

“ሰው ቢጠይቅ ይቀየሙታል” አሉ። “ዕቃ ብትጠይቅ ማን ይቀየማል?”

ሳቄ መጣ። ለካ እኔ ነኝ የተታለልኩት። እሳቸውም ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እኔ ግን መሀል ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ወሬውን ከሰሙ ወር ሆኗቸዋል።

“አባባ፣ እኔ ያቺን ቃል ባልጨምርስ ኖሮ?”

ሳቃቸውን አቆሙ። ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

“እሰጣት ነበር” አሉ።

ኢልሀም ፈተናዋን ወሰደች፤ አለፈችም። ዛሬ አላማጣ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ያቺን ቅዳሜ ለማያውቃት ሰው ሁሉ ታወራለች። አባቴ ለእኔ ሲል የዋጃን ሽማግሌ ኮምፒውተር ላይ ያስማለ ሰው ነው ትላለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ እውነት አይደለም ወይ ራቢዓ ትለኛለች። እኔም እውነት ነው እላለሁ።