የልብስ ሰፊው ፈረንሳይኛ

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ የልጅ ልጁን የሚያውቃት በስልክ ነው፤ እሱም ቢሆን አብዛኛውን ጀርባዋን። ባሕር ማዶ ተወልዳ ስድስት ዓመቷን ይዛለች፤ አፏን የፈታችው በፈረንሳይኛ ነው። እሁድ እሁድ አባቷ ሲደውል «ነይ፣ አያትሽን ሰላም በይ» ይላታል። ብቅ ትልና የማይገባትን ንግግር ጥቂት ሰምታ እብስ ትላለች። ከዚያ በኋላ ሽማግሌውና ልጁ ስለ ብርዱ ያወራሉ፤ የሰፊው ዓይን ግን የወጣችበት በር ላይ ተተክሎ ይቀራል።

አንድ ቀን ደንበኛው የሆነች የፈረንሳይኛ አስተማሪ ኮቷን ልትለካ መጣች።

«ልጄ፣ ‹እጠብቅሻለሁ› በፈረንሳይኛ እንዴት ነው የሚባለው?»

«አባባ! በዚህ ዕድሜዎ ማንን ሊጠብቁ ነው?»

ስለ ልጅ ልጁ ሲነግራት ሳቋን ዋጥ አደረገችው።

«ዥ ታታን። ‹ዥ› እኔ ማለት ነው። ‹አንቺን› የምትለዋ ‹ት› ከግሱ ቀድማ ትመጣና እላዩ ላይ ትለጠፋለች። የመጨረሻዋን ‹ን› ምላስዎ እንዳይነካት፤ አፍንጫዎ ውስጥ ያስቀሯት።»

«ዥ ታታንን።»

«ኧረ ደወል አደረጓት!»

ሰፊው ተስፋ ቆርጦ ወደ እጅጌው ተመለሰ። ዕድሜ ልኩን ደንበኛ የሚያነጋግረው ስፒል በከንፈሩ ይዞ ነው። ጨርቁን እያጠፈ፣ ሳያስበው፣ «ዥ ታታን» ብሎ አጉተመተመ። አስተማሪዋ ከመስተዋቱ ዞር አለች።

«ይኸው አሏት! ስፒሉን እንዳያወጡ!»

እሁድ ደረሰ። ሰፊው ተላጭቶ፣ ስፒሉን ሱቅ ትቶ፣ ስልኩ ፊት ተቀመጠ። ልጅቷ ብቅ ብላ ልትሄድ ስትል ተጣደፈ።

«ዥ ታታንን!»

በሩ ላይ ቆመች። ዞረች። ከት ብላ ሳቀችና እየሮጠች ተመለሰች። «ኖን! ዥ ታታን!» እያለች አፍንጫዋን በጣቷ ነካች። ሰፊው የሌለውን ስፒል በከንፈሩ የያዘ አስመስሎ ሞከረ፤ ልክ ወጣለት። አጨበጨበችለት። ከዚያ፣ ሥራዋን እንደጨረሰ ሰው፣ ወደ በሩ ዞረች።

ጀርባዋን አየ።

«ዥ ታታንን!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ልጅቷ በረጅሙ ተንፍሳ ተመለሰች፤ ስልኩንም ከአባቷ እጅ ቀምታ ፊቷን አስጠጋች። የፊት ጥርሷ ወልቋል። ማንም አልነገረውም ነበር።

«አባዬ፣ ቅድም እኮ በትክክል ብለኸው ነበር» አለ ልጁ ከወዲያ።

«አንተ ደግሞ ምን አገባህ?» አለ ሰፊው፣ ዓይኑን ሳይነቅል። «ተዋት፣ ታስተምረኝ።»