በላይህ ይለቅ

አባቴ አቶ ወንድሙ ከሆስፒታል የተመለሰው እየሳቀ ነበር። የገና ገበያ ደርቶ፣ ሽሮ ሜዳ ሱቃችን ውስጥ ሦስት ደንበኛ ባንድ ምላስ ሳስተናግድ በሩ ላይ ቆመና «አይዳ፣ ስሚ! ዶክተሯ አላረጁም አለችኝ!» አለ።

ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ከዶርዜ መጥቶ የሽመና ጉድጓድ ውስጥ እግሩን የከተተው በአሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። አንገቱ ላይ ካበጠችው ነገር ናሙና ተወስዶ ነበር፤ ውጤቱን እንዲሰማ ብቻውን የሰደድኩት እኔ ነኝ። ገበያ ነዋ! «እንግዲያው ሚስት እንፈልግልህ» ብዬ ቀለድኩበት። ጎረቤት ነጋዴዎችም ሰምተው «ጎረምሳው!» ይሉት ጀመር። እሱም ደስ አለው፤ እኔም እንደ ሞኝ ደስ አለኝ።

የካቲት አጋማሽ ላይ ኮቱን ላጥብለት ኪሱን ስፈትሽ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ፊቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ጀርባው ላይ በአማርኛ «ማክሰኞ ከቤተሰብ ጋር ይምጡ፤ በጣም አስቸኳይ» ተብሎ ተጽፏል። ያ ማክሰኞ ካለፈ ሰባት ሳምንት ሆኖታል። አባቴ ማንበብ አይችልም። ዶክተሯ ይህን አታውቅም፤ እኔ ግን አውቃለሁ።

በማግስቱ ይዤው ሄድኩ። ዶክተር አፀደ ስታየን ከወንበሯ ተነሳች።

«የት ጠፍታችሁ ነው?»

«አላረጁም ብለሽኛል እኮ፣ ልጄ» አለ አባቴ።

እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አባቴ፣ እርስዎን አይደለም ያልኩት! ሰውነታችን የተሠራበት ሴል የሚባል ደቃቅ ነገር አለ። ጊዜው ሲደርስ ያረጃል፣ መባዛቱንም ያቆማል። የእርስዎ አንዳንዶቹ ግን አላረጁም፤ ዝም ብለው ይባዛሉ ነው ያልኩት።» ወደ እኔ ዞረች። «ካንሰር የሚለውን ቃል ለብቻቸው ልነግራቸው አልቻልኩም። ቤተሰብ ይምጣ ብዬ ወረቀቱ ላይ ጻፍኩና አቆየሁት።»

ተናደድኩባት። ግን እኔ ራሴ የት ነበርኩ? ቀሚስ እየሸጥኩ!

አባቴ አንገቱን ዳሰሰ። «ማርጀት ደግ ነገር ነው ለካ?»

«በጊዜው ሲሆን ይጠብቀናል፣ አባቴ» አለች ዶክተሯ።

«አይ የኔ ነገር!» አለ። «አምሳ አምስት ዓመት ሙሉ ጋቢ ለገዛኝ ሁሉ በላይህ ይለቅ ስል ኖሬ፣ የማያልቅ ነገር ሲነግሩኝ እንዴት ደስ አለኝ?»

«ይድናል?» አልኳት።

«ከሰባት ሳምንት በፊት ብትጠይቂኝ አዎ እልሽ ነበር። አሁን ከፍተን ማየት አለብን።»

ቀዶ ጥገናው በሦስተኛው ቀን ሆነ። ጠዋት እንጦጦ በኩል የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ለሠርጌ ብሎ ሸምኖ ያስቀመጠውን ጋቢ ከሳጥን አወጣሁና አለበስኩት። ሌላ ጊዜ ቢሆን በጄ አይልም፤ የሸመነውን አዲስ ልብስ ለራሱ ለብሶ አያውቅም። ዛሬ ግን ለበሰና ቆሞ ጠበቀኝ። አዲስ የለበሰ ሰው አይቶ ዝም አይባልም። እኔ ግን በቀን ለሠላሳ ሰው የምለውን ምርቃት ትቼ የጋቢውን ጫፍ ማስተካከል ያዝኩ።

«ምነው፣ አትመርቂኝም?» አለ።

«በላይህ ይለቅ፣ አባዬ።»

«አሜን» አለ። አባቴ የሸመነው ጋቢ አሥር ዓመት ሳይለበስ አልቆ አያውቅም።